ምን ሲል?

በርገን ላይ ዝናቡ እንግዳ አይደለም፤
እንደ ቤት ልጅ ይኖራል፣ ኪራይ የሚባል የለም።
ኅዳር ሲጋመስ፣ ዘጠኝ ተኩል ሳይሞላ፣
ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ገብታ ስትተኛ
እኔ እነሣለሁ፣ የሆስፒታል ኩሽና የሌሊት ሠራተኛ፤
ትሪ አጣቢ፣ ማንኪያ ቆጣሪ፣
ከመጋረጃዬ ጋር ብቻ ተነጋጋሪ።

"ምን ሆነህ ነው?" ለሚለኝ መልስ አልነበረኝም።
አልታመምኩም፣ አልከሰርኩም፣ የሞተብኝም የለም፤
ብቻ ልቤ ውስጥ፣ እንደ ተረሳ ሻይ፣
የሆነ ነገር ቀዝቅዞ ነበር፣ ስስ ቆዳ አውጥቶ ከላይ።

ሐሙስ ዕለት ጎረቤቴ ቦርግሂል፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
ዳሌዋን ሊቀይሩላት ስትሄድ በጠዋቱ
ገመድ አስጨበጠችኝ።
በገመዱ ጫፍ ውሻ፤ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም፣
ጆሮው መሬት ሊጠርግ ትንሽ የቀረው።
"ስሙ ሲል ነው" አለችኝ።
"ምን ሲል?" አልኳት።
አልገባትም። በእነሱ አፍ ሲል ዓሣ ነው፣ በርሜል ውስጥ በጨው የሚከርም፤
በእኛ ግን ያላለቀ ነገር ነው፣ ተናጋሪው ተነሥቶ የሄደበት።
"ሦስት ሳምንት!" ብላ ታክሲው ውስጥ ገባች።

"ውሻ ደጅ ነው የሚተኛ" የሚል ደንብ ነበረኝ፣ ከልጅነቴ ያመጣሁት።
በመጀመሪያው ቀን በሩ ሥር ተኛ።
በሁለተኛው ሶፋው ሥር።
በሦስተኛው፣ ለሰው አታውሩብኝ፣
እግሬ ላይ፣ ከብርድ ልብሴ በታች፣ ከነጭቃው።

ከሥራ መልስ፣ ገና ሳይነጋ፣ ሽቅብ ይጎትተኛል፤
እያንዳንዱን ምሰሶ እንደ ጋዜጣ ያነባል፣
አንዳንዱን ደግሞ ይመልሳል።
እሱ ሲቆም እቆማለሁ። ምን ይደረግ?
እናም አየሁ፦ የድንጋዩ አጥር አረንጓዴ ጠጉር አብቅሏል፣
ስነካው እንደ ሕፃን አናት ይለሰልሳል።
አሥራ አንድ ዓመት አንገታቸውን ደፍተው ያለፉኝ ሰዎች
ለውሻው ሰላምታ ሰጡ፤
ለእሱ ሲሉ ለእኔም።
አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ላይ ደመናው ተቀደደ፣
ባሕሩ ላይ የመሐረብ ስፋት ያህል ብርሃን ወረደ፤
አራት ደቂቃ ቆየና ተሰፋ።
ቢሆንም፣ አይቼዋለሁ።

እሑድ፣ ቦርግሂል ማቀዝቀዣዋ ላይ የለጠፈችውን ወረቀት ገልብጬ
ዱቄት ገዛሁ፣ ቅቤ፣ ቀረፋ፣ ሄል።
እጄ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነው የኖረው፤
ሙቀት ምን እንደሆነ ግን ያ ሊጥ ነው የነገረው።
ጨርቅ አልብሼ ተውኩት። ኩፍ አለ።
ማንም ሳይጠራው፣ ጨለማ ውስጥ፣ በራሱ ጊዜ ኩፍ አለ።

የመጀመሪያው ትሪ ከሰለ።
የጭስ ደወሉ ጮኸ፣ ሲል አብሮት ጮኸ፣
ከታች ፖላንዳዊው ቧንቧ ሠራተኛ ዝቢግኒየቭ
ባልዲ ውኃ ይዞ፣ አንድ እግሩ ነጠላ ጫማ፣ አንዱ ባዶ፣
እሳት ሊያጠፋ መጣ።
ሁለተኛውን ትሪ እስኪወጣ ጠበቀ።
አምስት በላ። ባልዲውን ረስቶ ሄደ።

ቦርግሂል በክራንች ተመለሰች።
ሲል ገመዱን ከእጄ አስጥሎ ሮጠ፤
ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። ደግ አደረገ፤
እኔም ብሆን አላይም ነበር።
ሶፋዬ ላይ የቀረውን ጠጉር ግን
እስካሁን አልጠረግሁትም።

ዛሬም ይዘንባል። ዛሬም በጊዜ ጨለመ።
ሻዩ ትኩስ ነው፤ ሊጡ ጨርቁን ለብሶ ሥራ ላይ ነው።
ከግድግዳው ወዲያ አንድ አጭር ጩኸት ሰማሁ፣
በማንኪያ ሁለቴ ግድግዳውን መታሁ፤
ይመልስልኛል
"አለሁ"
ሲል።