ክር ቆራጯ

ሥራዬ ክር መቁረጥ፤
ኮምቦልቻ፣ ፓርኩ ውስጥ፣ ከሼዱ ጥግ መቀመጥ፤
የሱሪ ክምር ፊት ኪስ ስፌቱን ማገላበጥ።
አንድ ክር ከቀረ ካርቶኑ ይመለሳል፣
ካርቶን ከተመለሰ ከደሞዝ ይቀነሳል።

አምስት ዓመት ሙሉ ግን
አንድ ክር ነበረኝ ያልቆረጥኩት፤
በየወሩ በጣቴ ጫፍ «አለህ?» ብዬ የጠየቅኩት።

ያኔ ስታስገባልኝ፣ ሲስተር ጦይባ፣
መዳፏ ላይ አሳየችኝ፤
የ«ተ»ን ፊደል የመሰለ፣
ወገቡን መዳብ የታጠቀ፣
ከክብሪት እንጨት የማይበልጥ።
«ልብ ድረስ የሚወጣው ይሄ ነው?» አልኳት፣ የሰፈር ወሬ ይዤ።
ሳቀች።
«ልብሽ ሌላ በር አለው። ከዚህ ወደዚያ መንገድ የለም።»

ብረቱ ቀዘቀዘኝ፣ የሐረጎን ጠዋት መሰለኝ፤
«በረጅሙ ተንፍሺ፣ ጉልበትሽን ልቀቂ» አለችኝ።
ያኔ ክር ቆራጯን ሆዷን ቆረጣት፤
እንደ ወር አበባ፣ ግን ጥርስ ያለው።
ሃያ ልቆጥር ጀምሬ አሥራ አራት ላይ ለቀቀኝ።
ላብ አጠመቀኝ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፤
«ቶሎ እንዳትነሺ።»
ተኛሁ። ጣሪያው ላይ የዝናብ እድፍ ነበር፣
ፍየል ይመስላል፣ አንድ ቀንዷ የተሰበረ።

ያን ሰሞን ጠብ ጠብ አለ፤
ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልቼ ሆዴ ላይ አስሬ
ሱሪ ቆጠርኩ።
ሦስት ወር ያህል ወሩ በዛብኝ፤
ከዚያ ተላመድን። ረሳሁት እንኳ።
እህቴ ኮሌጅ ጨረሰች በዚያ መሀል፤
የቤታችን ቆርቆሮም ተቀየረ።

ዛሬ ይማም ውጭ አግዳሚው ላይ ነው፣ ጫማውን ያያል።
እሱ አይደለም፣
«ጊዜው ደረሰ» ያልኩት እኔ ነኝ።
ፈቃድ የጠየቅኩት ለሙሉ ቀን ነበር፤
ያችን ቁርጠት ቆጥሬ፣ ያን ላብ ቆጥሬ።
ጦይባ ክሩን ያዘች።
«ሳብ ሳደርገው ትንሽ ይሰማሻል።»
ተሰማኝ፣ ትንሽ።
«አለቀ» አለች።
ገና መፍራት አልጀመርኩም ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ ሊሆን ይችላል» አለች ጓንቷን እያወለቀች፣
«በወሩም፣ በዓመቱም። ቀኑን እኔም አላውቀው።»

ትሪው ላይ አየሁት።
መዳቡ ጠቁሯል፤
ክሩ ግን ያው ነው፣ ሁለት ጫፍ፣ ተንጠልጥሎ።
እጄ ሳላዘው
መቀስ ፈለገ።