ጦሳ ላይ፣ በጉም ውስጥ

ጦይብ የአክስቴ ልጅ፣ በስስ ሸሚዝ መጣ፤
ከኮምቦልቻ ሙቀት ሐረጎን ሲወጣ
መስኮት ከፍቶ ነበር።
«ደሴን ከላይ ልያት፤ ጦሳ ላይ ውሰጂኝ፤
ካፖርት ብቻ ስጪኝ።»

የአባቴን ካፖርት እስከ ጉልበቱ ለብሶ፣
ዳገቱ አጋማሽ ድንጋይ ተንተርሶ፣
«አልደከመኝም» አለ፣ ሳልጠይቀው ቀድሞ።
ጉሙ ግን ቀድሞናል፤ አናቱ ላይ ቆሞ
ይጠብቀን ነበር።

አንድ ጣሪያ የለም፤ አንድ ሚናሬት የለም፤
ነጭ ብቻ፣ ነጭ፤ ያልተጻፈ ዓለም።
አፍሬ ማስጎብኘት ጀመርኩ፦ «ያ ፒያሳ ነው፤
ያ ሆጤ፣ ከዚያ ወዲያ ሰኞ ገበያው…»
ጣቴ ባዶ ይቀዝፋል፤ ጦይብ «አየሁ» ይላል፤
ሰው ላለማሳፈር ራሱን ይነቀንቃል።
«ሐይቅስ?» «ሐይቅ በዚያ ነው፤ ከተራራው ጀርባ፤
ነገ እንሄዳለን፤ ይከራያል ጀልባ።»

ንፋስ መጣ ድንገት፤ ጉሙን ሰነጠቀ፤
ለዓይን ጥቅሻ ያህል አንድ ቦታ ለቀቀ፦
ፒያሳም አይደለም፤ የኛው ቤት ቆርቆሮ፣
ጎማ የጫንንበት፣ ንፋስ እንዳያነሳው ዘንድሮ፣
ሽቦው ላይ ቀይ ሹራቤ።

ተመልሶ ተዘጋ።

«አሁን አየሁ» አለ፤ ይሄኛው ውሸት አልነበረም።
ካፖርቱን ግን ይኸው፣ እስከ ዛሬ አልመለሰም።