አውራ ጣት

ሐዋሳ ሲነጋ፥ አሞራ ገደል ላይ
ከጀልባ ዳር ቀርቦ፥
አባ ኮዳ ቆሟል፥ ካባውን ደርቦ፥
እንደ ችሎት ዳኛ፤
ሆዴን ያየ መስሎኝ ዘወር አልሁ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፥ ቆሮሶ ስመዝን፥
አውራ ጣቴ ነበር፥ ሚዛኑን የሚጫን።

«መልስ» አለኝ ጌታ፤ ሳመነታ ከርሜ፥
ታቦር ሥር ደረስሁ፥ እፍረት ተሸክሜ።
«አራት እጥፍ ነው» አልሁ፥ ብሩን ዘርግቼ።

ሳቁ እትዬ ፈለቀች፤
«ጣትህንማ አይቼ
አውቅ ነበር፥ ልጄ፤
እያወቅሁ ነው የገዛሁ፥ ስምህን በጸሎት አንስቼ።»

ብሩን ግን ቆጠሩት፥ አንድ ብር ሳይምሩ፤
ከዚያ «ቁጭ በል» ብለው ሾርባ ሲጨምሩ፥
ሲጨምሩ፥
ሚዛን አልነበረም።