ዱብ

ሆጤ፣ ከቁልቁለቱ አፍ፣ ሁለት ክፍል፣ አንድ ግድግዳ፤
በወዲህ እኔ አዋላጇ፣ በወዲያ እሱ ባለ ዕዳ።
ባለ ዕዳ ያልኩት ለነገር ነው፤ የሦስት ወር ኪራይ ሳይከፍል
ከእንድሪስ፣ ከራዲዮ ጠጋኙ፣ የተሰበረ ድምፅ ማጉያ
በዱቤ ይዞ የሚውል።

ሌሊቱን ሳዋልድ አድሬ፣ ጠዋት ላሸልብ ስጋደም
አልጋዬን ከሥር ይገፋዋል፤ በጆሮ የሚሰማ አይደለም፤
ዱብ።
ዝም።
ዱብ።
ደግሞ ዝም።

አንድ ጠዋት ጋቢ ደርቤ፣ ልሰድበው በሩን መታሁ፤
ሲከፍት ግን ያሰብኩትን ስድብ ከነመግቢያው ረሳሁ።
ወንበር የለም። የእንቁላል ካርቶን ጣሪያው ድረስ ተለጥፏል፤
ቤዝ ጊታሩ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ሰውየው መሬት ተቀምጧል።
ጥግ ላይ፣ በጆንያ ተጠቅልሎ፣ የአጎቱ የመሪጌታው ከበሮ፤
ከበላዩ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ የብየዳ ጢስ ያጠየመው ዘንድሮ።

«ጌጤነህ እባላለሁ» አለ፤ «ጌጤነህ ይመር። ይቅርታ፤
እንቅልፍሽን ነው የወሰድኩት? ቁጭ በይ፣ ልመልሰው ላፍታ።»

አንዲት ቁልፍ አዞረ። ሙሉ ነበር ዘፈኑ መጀመሪያ፤
ጊታር፣ መለከት፣ ኦርጋን፣ «አቤቱ» የሚል ድምፅ፤ ሰኞ ገበያ።
ከዚያ ማንሣት ጀመረ። መለከቱን አነሣ፣ ኦርጋኑን አነሣ፤
የገዛ ድምፁን እንኳ «አቤ—» ላይ ቆርጦ
«ቱ»ን እንዲመልሰው ጣለው ለጦሳ።

ቱ፣
  ቱ፣
    ቱ…

«ማሚቶው የማሽን አይደለም፤ አዝዋ ገደል አፋፍ ቆሜ
ነው የቀዳሁት፤ ሦስት ሌሊት፣ በጉም እየታጠብኩ፣ ታምሜ።
ስትጾሚ ምን ታደርጊያለሽ? ትቀንሻለሽ። በቃ።
ዘፈንም ካልጾመ ያብጣል፤ እንዴት ብሎ ነፍሱ ትንቃ?
ሁሉን አንሥተሽ ስትጨርሺ፣ አልነሣም የሚል ይቀራል፤
እሱን ነው የምፈልገው፤ ስሙን ልጠራ ስል ግን
ምላሴ ይተሳሰራል።»

ሰንበት ተማሪዎች «ዘፋኝ» ብለው፣ ዘፋኞች «መነኩሴ» ብለው ተዉት፤
የሰፈር ልጆች «ራስታው» ይሉታል፣ ጠጉሩን አጭር እያዩት።
አሳታሚ የለው። መናኸሪያ ሄዶ ለሾፌር ፍላሽ ይገለብጣል፣ በሃያ ብር፤
ሐርቡ፣ ሐይቅ፣ ባቲ ድረስ፣ ከአባዱላ ወንበር ሥር
ድምፁ ሲንደረደር።

«አዋላጅ ነሽ አሉ» አለኝ፤ «ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ልቡ
በደቂቃ ስንት ይመታል?»
«መቶ አርባ» አልኩት። ጉልበቱ ላይ በጣቱ ይቆጥራል፤
«ግማሹ ሰባ። የእኔ እርምጃ! ሳንወለድ እናውቀዋለን ማለት ነው» ይላል።

በሐምሌ፣ መብራት በጠፋበት ሌሊት፣ ሰዓዳን፣ የእንድሪስን ልጅ፣ ምጥ ያዛት፤
አምቡላንሱን ቧንቧ ውሃ ላይ ጎርፍ አገደው። እኔ አለሁ አልኳት።
የእንጨት ማዳመጫዬን ሆዷ ላይ ተከልኩ፣ ጆሮዬን ሰጠሁ።
ዝም።
አዞርኩት። ዝም።
ዱብ ዕዳ እንዲህ ነው የሚመጣው ብዬ ፈራሁ።
ደጅ ላይ እንድሪስ «ያ ረቢ» ይላል፤ ጌጤነህ «አቤ—» ብሎ ዋጠው፤
የሁለቱንም ልመና፣ ወደ ታች የሚወርደው ዝናብ
ወደ ላይ ወሰደው።

ከዝምታው ሥር፣ ከሩቅ፣ እንደ አዝዋ ገደል መልስ፣
ዱብ።

ዱብ።
እየቀረበ፣ እየፈጠነ፣ እስኪነጋ፣
ከለቅሶው እስኪደርስ።

ያን ዘፈን ዛሬ ሾፌሮች ያውቁታል፤ ስም አላወጣለትም።
መካከሉ ላይ ሁሉም ነገር ይቆማል። ቤዙም። ማሚቶውም።
ተሳፋሪ ቀና ይላል፤ ሾፌሩ «ፍላሹ ተበላሸ» ብሎ
በመዳፉ ቴፑን ይመታል፣ መሪውን ለግራ እጁ ጥሎ።
እኔ ከኋላ ወንበር ልቆጥር እጀምራለሁ፤
«ቆይ» እለዋለሁ፣ «አንዴ ቆይ።
አለ። አውቀዋለሁ።»