ጉዳዩ፦ ስለ ሳቅ

ከአቃቂ ድልድይ ማዶ ፋብሪካ ነበረን፣
ክር የሚያስፈትለን፣ ፊርማ የሚያስዞረን።
የእኔ ሥራ ቃለ ጉባኤ፣ በካርቦን በሦስት፦
አንዱ ለበላይ አካል፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት፣
ሦስተኛውን አይጦች ያለ ፊርማ የሚበሉት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሐምሌ ሰማዩን ሲቀደው፣
ጓድ እንግዳወርቅ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው፦
«የወዳጅ አገር ፊልም አለ። መቅረት አይቻልም።»
(የመቅረቻውን ቅጽ እስከ ዛሬ ያየው የለም።)

ከመጋዘን የወጣ አንሶላ በሚስማር ተወጠረ፤
ተርጓሚያችን ጥላዬ፣ ታሽከንት የተማረ፣
የከብት ሐኪም ሆኖ ሳለ ክር ክፍል ተመድቦ የቀረ፣
«በመስኮብኛ» አለን «የላም በሽታ ነው የማውቀው፤
የቢሮ በሽታ እንጃ፣ እሱን አልተማርነው።»

አንሶላው ላይ አንድ ኮሳሳ፣ ባርኔጣ የደፋ፣
አምፖል ሊያስቀይር ወጥቶ ወረቀቱን ይዞ ጠፋ።
ያንኳኳል፤ «ሦስተኛ ፎቅ»። ሦስተኛ ፎቅ ሲደርስ «ምድር ቤት»።
አንዱ ሻይ ያማስላል፣ አንዱ «የለም፣ ሄዷል ለቅሶ ቤት»።
ሽማግሌው ኃላፊ ማኅተሙን በትንፋሹ ያሞቃል፣
ያሞቃል፣ ያሞቃል፣
መልሶ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፋል።
«ምን አለው?» ስንል ጥላዬን፣
«ነገ ና።»
እሱን እንኳ ሳይነግረን ሰምተን ነበር።

ያኔ ነው ጣሪያው ያፈሰሰው።
ሦስት ዓመት ቆርቆሮ ብለን የጻፍንለት ጣሪያ፣
በቀይ እስክሪብቶ «ይታይ»፣ በሰማያዊ «ይጠና» የተባለው፣
ጠብ አለ።
ከአዳራሹ ራስ ሁሉ መርጦ
የጓድ እንግዳወርቅ መላጣ ላይ። ጠብ።
እሱ አልተነሣም፣ ቀና ብሎም አላየም፤
ጣሪያው ያፈሳል የሚል ሪፖርት እሱ ዘንድ አልደረሰም።

አንድ ሰው ሳቀ።
ቀለሟ ከሽመና ክፍል ሻሿን አፏ ውስጥ ከትታ ተከተለች፣
ከዚያ ደቻሳ የጄኔሬተሩ፣ ከዚያ ዘበኞቹ፣
ከዚያ ጥላዬ ራሱ፣ ትርጉሙን ጥሎ።
ኮሳሳው ሰውዬ ለማንም ሳይተረጎም በር ሲያንኳኳ መሸ።

ሰኞ ጠዋት ኮሚቴ። አጀንዳ፦ የሳቁ ምንጭ።
በፊልሙ ስቀው ከሆነ፣ የወዳጅ አገር መናቅ ነው፤
በጠብታው ስቀው ከሆነ፣ ጣሪያው ያፈሳል ማለት ነው፤
ጣሪያው ግን አያፈስም፣ በሪፖርት ያልታወቀ ነገር ነው።
ሰባት ስብሰባ ተቀመጥን፣ ሰባት ፔርሙስ ሻይ አለቀ፤
ከጭንቅላታችን በላይ የሚንጠባጠበውን ባልዲ ጠበቀ።
«መጀመሪያ የሳቀው ማን ነው?» የሚለው አንቀጽ ላይ ስንደርስ
ሁሉም ወደ እኔ ብዕር ዞረ። እኔም አቀርቅሬ
ጻፍኩ፦ «ሊታወቅ አልቻለም።»
በሦስት ቅጂ።

መንግሥት ተለወጠ። ማሽኑ በኪሎ ተመዘነ።
አዳራሹ የነበረበት ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፣
ልብስ ይሰጣበታል፣ የሌላ አገር ክር።
ባለፈው፣ ለጡረታዬ፣
በሕይወት መኖሬን የሚገልጽ ማስረጃ ላጽፍ ወረዳ ሄድኩ።
ልጅቷ አየችኝ፣ ኮምፒውተሯን አየች፦
«ሲስተም የለም፣ አባባ።»
«ታዲያ መቼ ልምጣ?»
«ነገ ይሞክሩ።»
ከኮርኒሱ ጥግ ባልዲ ውስጥ ጠብ።

ሳቅኩ። ብቻዬን፣ ወረፋው ፊት፣ እንባዬ እስኪመጣ።
«ምን ያስቅዎታል?» አለች፤ ክፋት የለባትም፣ ግራ ገብቷት ነው።
«ይመዝገብልኝ» አልኳት፣ «መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ፤
ሐምሌ፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አቃቂ።»
መሳቢያዋን ከፈተች፣ ወረቀት አገላበጠች፣
የእውነት ፈለገችልኝ።
«የእሱ ቅጽ» አለች «ሦስተኛ ፎቅ ነው።»