የሦስተኛው ክፍል ወንበር

መርከብ ባለበት ቀን ሙዚየሙ ይሞላል፤
ሻንጣውን ያስረከበ ምን ሥራ ይዞታል?
ግማሹ የሚገባው ከዝናብ ሊጠለል፣
ግማሹ ሽንት ቤት፣ ቀሪው ለመባባል
«ጄኖቫን አየናት» — ይህችን ለመጻፍ
ከፖስት ካርዱ ጀርባ፣ ከቴምብሩ ጫፍ።

እኔ ከሦስተኛው ክፍል፣ ከወንበሬ ላይ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀምጬ ሳይ፣
ስንት ጫማ ጮኸ፣ ስንቱ አዛግቶ ወጣ፣
«አትንኩት!» ስል ኖርኩኝ ለሄደ ለመጣ።

ሐሙስ ዕለት ታዲያ፣ ከምሳ በኋላ፣
አንድ ድምፅ ተሰማ፣ «ነይ እንጂ ኦርኔላ!
ሰው ለባሕር ከፍሎ ግድግዳ ያያል ወይ?»
«በደጁ ሳልፍ ኖርኩ፤ ዛሬ እንኳ ልይ ወይ?»

ባቺቻ ይባላል። የወደብ ሰው ነው፤
አርባ ሁለት ዓመት ጎታች ጀልባ ነድቶ፣
ሰፈር የሚያህል መርከብ በገመድ ጎትቶ፣
ከግድቡ ማዶ ስንቱን ሰው ሸኝቶ፣
ማታ ተመላሽ ነው፣ ራሱን ረስቶ።
ጡረታ ሲወጣ ልጆቹ አዋጥተው፣
ባለ መስኮት ክፍል ለስምንት ቀን ገዝተው፣
«በል አንተም ተጎተት!» አሉት እየሳቁ።
ይህን ያጫወተችኝ፣ ጫማ ጠቧት ነበር፤
ደንቡ አይፈቅድም እንጂ፣ ሰጠኋት ወንበር።

እሱ እጁን አጣምሮ፣ ሲያዛጋ፣ ሲያዛጋ፣
ወደ ትልቁ ሥዕል ድንገት ተጠጋ።
ማዕበል ነው ሥዕሉ፤ ባለ ሦስት ምሰሶ
መርከብ ሲንገዳገድ ከወደብ አፍ ደርሶ።
አፍንጫው ቀለሙን ሊነካ ሲቃረብ
ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«እመቤት፣» አለኝ፣ «ይኼ ሰውዬ ዋሽቷል!»
«ማን?» «ሠዓሊው ነዋ! ሸራው ተነፍቷል
በሊቤቾ ነፋስ፣ ከደቡብ ምዕራብ፤
ባንዲራው ግን ይኸው፣ ወዲህ ሲርገበገብ።
አንድ መርከብ እንዴት ሁለት ነፋስ ይነፍሰው?
እኔ ገመድ አልጥልለት፤ ይሰበር፣ ተወው!»

ሸራ ላይ ስላለ ሸራ ማን ጠይቆ ያውቃል?
ሠዓሊው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመቱ፤
ስለ ብርሃን ጥላ ሲሰብኩ ሊቃውንቱ፣
አንድ ጎታች መጣ፣ ተነቃ ውሸቱ።

ዞር ብሎ ሊነግራት «ኦርኔላ!» ቢል የለች።
ጥግ ላይ ናት፣ በባዶ እግር፣ ጫማ አንጠልጥላ፣
መጽሐፍ የምታህል ትንሽ ሥዕል ከልላ።
ሴት ናት፣ ጀርባዋን ሰጥታን፣ መስኮት ላይ፤
ማዶ የወደብ መብራት፣ ጥቁር ሰማይ፤
ጠረጴዛው ላይ ሳህን፣
በሌላ ሳህን የተከደነ።
ሌላ ምንም የለም።

እሱም መጣ። አየ።
ስለ ነፋስ ሊያወራ የከፈተውን አፉን
ዘጋው። ሴትዮዋን አየ። ከዚያ ሳህኑን።
ደግሞ ሳህኑን።
«ሾርባ ነው፣» አለችው። «በርዷል።»
«በምን አወቅሽ?» ሊል ፈልጎ ተወ።
ተንበረከከ፤ ጉልበቱ እንደ አሮጌ በር ጮኸ፤
ጫማዋን አጥልቆ፣ ማሰሪያውን አላልቶ፣
በመርከበኛ ቋጠሮ ቋጠረላት።
እኔ ጣሪያ ጣሪያ አየሁ።
ዘበኛ ሁሉን አያይም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ መዝጊያው ሲቃረብ፣
በላይኛው መስኮት አየሁ ወደ ወደብ፤
ነጭ ግንብ የመሰለው መርከብ ቀስ እያለ
ከፊቱ በምትስበው ጀልባ ልክ ተከተለ።
ጀልባዋም ጮኸች፤ ሦስት ጊዜ፣ ረጅም።
ለማን እንደሆነ የገባኝ እኔን ነው፣
ከዚህ ሕንጻ ማንም አልገባውም።
መደገፊያው ላይ ሰው እንደ ጉንዳን ፈልቷል፤
ሁለቱን ለየሁ ብል፣ እኔም እንደ ሠዓሊው መዋሸቴ ነው።

ተመልሼ ወረድሁ፣ መብራት ላጠፋ።
ሸራው ወዲያ፣ ባንዲራው ወዲህ።
አሥራ አንድ ዓመት ጸጥ ያለ ክፍል
አሁን ነፋስ ይገባዋል።
ወንበሬን አነሣሁና
ከትንሿ ሥዕል ፊት አኖርሁት።
ነገ ይቆጡኛል።