ዜሮ የሌለው መዝገብ

በሻርጃ፣ ከሴቶቹ ግቢ፣ ከመዋኛው ጀርባ፣
አንዲት ክፍል አለች፤ መስኮት የላት፣ ፀሐይ አታስገባ።
ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፏን ያዥ እኔ ነኝ፤
ማልያ ሳጥብ፣ ጓንት ስሰፋ፣
የፈለገኝ ሁሉ እዚያው ነው የሚያገኘኝ።

ባለፈው ሰኞ ከሕዝብ ግንኙነት አንዲት ልጅ መጣች፤
«የሶፍትቦል ቡድናችን ታሪክ ሊጻፍ ነው» አለች።
ፋይል አገላብጣ ያገኘችው ሁለት ፎቶ ብቻ፤
አንዱ ብርሃን የበላው፣ ሌላው ከነዋንጫ።
(ዋንጫው የኛ አልነበረም። ለፎቶ ተውሰን ነው።)

ከሳሙናው ካርቶን ሥር ደብተሬን ሳብኩት፣
ጀርባው በፕላስተር የተያዘ፣
በዚህ ባሕር ወበቅ ወረቀቱ ያበጠ፣ ቀለሙ የፈዘዘ።
«ጥቅምት ፲፱፻፺፯» ይላል አናቱ።

መጀመሪያ ሜዳ የለም፤ የመምህራን መኪና ማቆሚያ ነበር።
ከመግሪብ አዛን በኋላ፣ አስፋልቱ ሲበርድ፣ መብራት ሲበራ ከአጥሩ ዳር፣
ሎርና፣ የቤተ መጻሕፍቷ ፊሊፒናዊት፣ ዱላ ይዛ ወጣች፤
በባስማቲ ከረጢት አሸዋ ሞልታ በአራት ማዕዘን አኖረች።
አራተኛውን በጫማዋ መታ መታ አድርጋ፣
«ይኼ ቤት ይባላል። ዞሮ ዞሮ እዚህ መግባት ነው» ስትል ሰማሁ፤
ሳቅሁ፤
ቤት መግባት ጨዋታ ሲሆን ያኔ ነው ያየሁ።

ዘጠኝ ያስፈልግ ነበር። ሰባት መጡ።
ኢብቲሃል፣ የኦምዱርማኗ፣ ክንዷ ወንጭፍ፤
ሊጂ፣ ክሪኬት ያሳደጋት፣ ጥላው ሲሏት ዱላዋን ይዛ የምትከንፍ፤
ሙዛ፣ የኮርፋካን ልጅ፣ አባያዋን ወገቧ ላይ ቋጥራ
በሆዷ የምትንሸራተት፣ ስትነሣ ጥርሷ ሁሉ አቧራ።
የቀሩትን ስማቸውን ሳይሆን ጉልበታቸውን አውቃለሁ፣
ሱሪያቸው የት የት እንደሚቀደድ።
«አንቺስ?» አለችኝ ሎርና። የሚታጠብ ነበረኝ።
«እንግዲያው ጻፊ» ብላ እስክሪብቶ ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ፣ ከዱባይ ልጆች ጋር፦
፳፪ ለ
እጄ ቆመ።
ቁጥር የተማርኩት ቄስ ትምህርት ቤት ነው፤ ከ፩ ነው የሚጀምር፤
የኔታ ለምንም ምልክት አላስተማሩኝም፤ የሌለ ነገር አይቆጠር።
ቦታውን ክፍት ተውኩት።

በዚያ ዓመት ስድስት ግጥሚያ፣ ስድስት ክፍት ቦታ።
በሰባተኛው ሊጂ መታች፤
ኳሱ ከአጥሩ ማዶ፣ ከአንድ ላንድክሩዘር ጣሪያ ላይ ነጠረ፤
ዳኛው እየጮኸባት፣ ዱላዋን እንዳቀፈች፣
ቤት ገባች።
፩ ብዬ ስጽፍ ወረቀቱ ተቀደደ። ቀዳዳው ዛሬም አለ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ ነው፤
በ፳፻፩ ገንዘብ ጠፋ ተባለ፣ ማልያው የአምናው ሆነ፤
አምስት ቁጥርን ስንት ጊዜ ሰፋኋት፣ ከጨርቁ ክሩ ገነነ።
በ፳፻፮ ከኩዌት የመጡትን ረቱ፦ ፱ ለ ፰።
ያን ሌሊት አላጠብኩም፤ አቧራው ይደር አልኩ።
ሎርና ወደ ኢሎይሎ ስትመለስ ዱላዋን ለኔ ተወች፤
ሲከብደኝ በሩን አስደግፍበታለሁ።
በ፳፻፲፪ ግቢው ተዘጋ። ገጹ ላይ ምንም አልጻፍኩ፤
ግን ኳሶቹን እንዳይሻግቱ በየሳምንቱ አገላበጥኩ።

ልጅቷ በስልኳ ቀረፀች። ጣቷን አንድ ቦታ አሳረፈች፦
«ይኼ ባዶው ምንድን ነው? ረስተሽው ነው?» አለች።
«አይደለም፤ የኛ ነጥብ ነው» አልኳት።

አሁን በኮሪደሩ ግድግዳ፣ ከመስታወት ውስጥ ተሰቅሏል፤
ክፍቱ ሁሉ በወርቅማ ዜሮ ተሞልቷል።
ከታች፣ በደቃቅ ፊደል፣ «ዘሃራን እናመሰግናለን» ይላል።
ዘሃራ ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ያስጻፈው ስም ነው፤
እኔ ጥሩአየሁ እባላለሁ።
አልተቀየምኩም።
ደብተሩን ግን ስጪን ሲሉኝ እምቢ አልኳቸው፤
ማክሰኞ ግጥሚያ አለ፣ ከአጅማኖቹ ጋር፤
አዲሷ ወርዋሪ ገና እጇ ይንቀጠቀጣል፣
እስክሪብቶም ገዝቻለሁ።